ጅማ ላይ ስለ ባህል፣ ማንነትና እምነት ልታጠኑ ነው? ከርዕስ መረጣ እስከ መጨረሻው ረቂቅ

ከጅማ መስክ የሚመጣ ጥናት የሚበላሸው ሁልጊዜ በአንድ መንገድ ነው። ተማሪው ይመጣል፣ መጠይቅ ያድላል፣ ሠላሳ ምናምን ሰው ያነጋግራል። ማታ ደብተሩን ሲገልጥ ሁሉም ያሉት አንድ ነው፦ «እዚህ ሙስሊም ክርስቲያን ሳንል ተከባብረን ነው የምንኖረው።» ውሸት አይደለም። ጥናት ግን አይሆንም። ለእንግዳ የሚቀርብ መልስ ነው፤ እናንተም እንግዳ ስለሆናችሁ ቀረበላችሁ።

ከዚያ መልስ ጀርባ መግባት የሚቻለው ሰውን ስለ ባህሉ፣ ስለ ማንነቱና ስለ እምነቱ መጠየቅ ትታችሁ ስለሠራው ሥራ ስትጠይቁት ነው። ከታች ያሉት ደረጃዎች በሙሉ ይህን እንዴት እንደምታደርጉት የሚያሳዩ ናቸው። ንድፈ ሐሳቡን ለአማካሪያችሁ ትቼዋለሁ። እንዳይበታተንብን ደግሞ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ምሳሌ ይዘን እንሄዳለን፦ ሙስሊምም ክርስቲያንም አባላት ያሉት የሰፈር እድር።

ደረጃ 1፦ ርዕሱን አሳንሱት

«የጅማ ሕዝብ ባህልና ማንነት» ርዕስ አይደለም፤ የመጻሕፍት መደርደሪያ ነው። በዚህ ቅደም ተከተል ቁረጡት።

1. ከትልቁ ቃል ወደ ድርጊት ውረዱ። «እምነት» የሚለውን ተዉና ለቅሶ፣ ሠርግ፣ ስም ማውጣት ወይም በሽታ ያዙ።
2. ከድርጊቱ ውስጥ እጅ የሚነካውን ነገር ምረጡ። ለቅሶ ከሆነ ድንኳን፣ ድስት፣ ሳህን፣ ሥጋ፣ ቢላዋ።
3. ቦታውን ወደ አንድ ሰፈር አጥብቡ። መንደራ፣ ሄርማታ፣ ጊንጆ፣ ቦሳ ቂጦ፣ የትም ይሁን፤ አንድ ብቻ።

የምታገኙት እንዲህ ያለ ጥያቄ ነው፦ «በአንድ የጅማ ሰፈር ያለ ቅይጥ እድር በለቅሶ ጊዜ ምግቡን፣ ዕቃውንና ሥራውን እንዴት ይከፋፈላል?» ተራ ይመስላል። ግን አስቡት፦ ሙስሊሙ ክርስቲያን ያረደውን፣ ኦርቶዶክሱ ሙስሊም ያረደውን አይበላም። ሁለቱን በአንድ ድንኳን የሚያስተናግድ ሰው ይህን በቃል ሳይሆን በእጁ መፍታት አለበት። ማን ያርዳል? ድስቱ ይለያል ወይ? ወይስ ሥጋው ቀርቶ ለሁሉም የጾም ምግብ ይቀርባል? ማንነትና እምነት የምትሉት ነገር እዚያ ወጥ ቤት ውስጥ ነው ያለው።

መፈተኛው ቀላል ነው። ሳህን የምታጥበዋ ሴት ጥያቄያችሁን መመለስ ከቻለች ርዕሱ ልክ ነው። የሚመልሰው የቢሮ ባለሙያ ወይም «የባህል አዋቂ» የተባለ ሽማግሌ ብቻ ከሆነ ገና አልጠበበም።

እድር ካልሳባችሁ ሌሎችም አሉ። ሐሙስ ሄርማታ ገበያ ላይ ሻጭና ገዢ በየትኛው ቋንቋ ይጀምራሉ፣ መቼስ ይቀይራሉ? ሁለት እምነት ያለበት ቤት ለልጅ ስም እንዴት ያወጣል? ልጅ ሲታመም ቤተሰቡ መጀመሪያ የት ይሄዳል፣ ቀጥሎስ?

ከተበላሸ፦ «ባህል» የሚለውን ቃል አንዴ ካወጣችሁ ጂሬን ኮረብታ ላይ ወዳለው የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ትላካላችሁ። ሂዱና እዩት፣ መታየት ያለበት ነው። ከዚያ ተመልሳችሁ «እሱን አይቼዋለሁ፤ እኔ የማጠናው ያለፈው ወር ለቅሶ ላይ ማን ምን እንደሠራ ነው» በሉ።

ደረጃ 2፦ ቀን መቁጠሪያ ሥሩ

ይህን የሚዘል ሰው ብዙ ነው፤ ከዚያ «ሰው አላገኘሁም» ይላል። በወረቀት ላይ ወራቱን አስምሩና እነዚህን አስፍሩ፦

- ረመዳን። በየዓመቱ ወደ 11 ቀን ስለሚቀድም ያለፈውን ዓመት አትከተሉ። ከሰዓት በኋላ ሰው ደክሞታል፤ ከኢፍጣር በኋላ ግን ቤቱ ይሞላል፣ ወሬውም ይሞቃል።
- ዓቢይ ጾም። 55 ቀን ነው። የምግብ አከፋፈል የሚያጠና ሰው በጾምም በፍስክም ቢያንስ አንዳንድ ለቅሶ ማየት አለበት፤ አለዚያ ግማሹን ነው የሚያየው።
- የቡና ለቀማ። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ አካባቢ፣ ከፍ ባለው ቦታ ጥርንም ይጨምራል። ጎማ፣ ማና ወይም ሊሙ ወደሚባሉት የቡና ወረዳዎች ከወጣችሁ በዚህ ጊዜ ቁጭ ብሎ የሚያወራችሁ አታገኙም። እየለቀማችሁ ከሆነ ግን ታገኛላችሁ።
- ክረምት። ጭቃውን ቦቲ ይችለዋል። ችግሩ ቆርቆሮ ላይ የሚወርደው ዝናብ ነው፤ ቅጂውን ሙሉ በሙሉ ይውጠዋል። በክረምት ቃለ መጠይቅ ጠዋት ጠዋት ይሁን።
- ዓርብና እሑድ። ዓርብ ከጁምዓ በፊት፣ እሑድ ጠዋት ቀጠሮ አትያዙ። ሐሙስ ነጋዴ አይገኝም።

ደረጃ 3፦ ወረቀቱን ጨርሱ

ከትምህርት ክፍላችሁ የትብብር ደብዳቤ፣ ከተቋማችሁ የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ፣ ከዚያ ከተማ አስተዳደር፣ ከዚያ ቀበሌ። ቅደም ተከተሉን አትዝለሉ፤ ከታች የጀመረ ከላይ ይጠየቃል። እያንዳንዱ ደብዳቤ ቁጥርና ቀን ያለው፣ ማህተሙም የሚታይ ይሁን። ኮፒውን በዛ አድርጉት፣ ዋናውን ለማንም አትስጡ።

ደብዳቤው ላይ ርዕሱ እንዴት እንደተጻፈ ተመልከቱ። «በብሔር ማንነትና በሃይማኖት ዙሪያ» የሚል ደብዳቤ ይዞ የሄደ ሰው ሁሉም በር ላይ ማብራሪያ ይጠየቃል። «በእድር የሥራ አከፋፈል ላይ» የሚለው እውነትም ነው፣ አያስደነግጥምም። ልብ በሉ፣ ደብቁ ማለቴ አይደለም። የምታጠኑትን በትክክል ጻፉ፤ ከምታጠኑት በላይ አታግዝፉት ነው።

ጥንቃቄ፦ የቀበሌ ሰው አብሯችሁ ቤት ለቤት እንዲዞር አትፍቀዱ። በትህትና «ከፊርማው በኋላ ብቻዬን እሄዳለሁ» በሉ። ከቀበሌ ጋር የመጣ እንግዳ የሚያገኘው መልስ ለቀበሌ የሚሰጥ መልስ ነው።

ደረጃ 4፦ በትክክለኛው በር ግቡ

እድር ሦስት በር አለው። የእድሩ ሰብሳቢ፣ የዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊው እና ሴቶቹ። ተማሪ ሁሉ በመጀመሪያው ገብቶ እዚያው ይቀራል።

1. መጀመሪያ ሰብሳቢውን አግኙ። የግድ ነው፣ እሱን ያለፈ ሰው በሰፈሩ አይከበርም። ደብዳቤውን አሳዩት፣ በእድሩ ስብሰባ ላይ እንዲያስተዋውቃችሁ ጠይቁት።
2. በስብሰባው ላይ ቆማችሁ በሁለት ደቂቃ ራሳችሁን አስረዱ። ገንዘብም እርዳታም እንዳላመጣችሁ እዚያው ተናገሩ። ይህን ያላለ ሰው በሳምንቱ «መቼ ነው የምንመዘገበው?» ይባላል።
3. ከዚያ ወደ ግምጃ ቤቱ ሂዱ። ድንኳኑን፣ አግዳሚውን፣ ድስቱን፣ ሳህኑን የሚያስረክበውና የሚረከበው ሰው ደብተር አለው። የትኛው ድስት ለማን እንደሚወጣ የሚያውቀው እሱ ነው። ዕቃ ቆጠራ ሲያደርግ አግዙት።
4. በመጨረሻ ወጥ ቤት። ወንድ ከሆናችሁ እዚያ ብዙ አትገቡም፤ አስገድዳችሁም አትግቡ። ሴት ረዳት ያዙ፣ ወይም እንጨት በመሸከምና ውኃ በመቅዳት ደጁ ላይ ቁዩ። ደጁ ላይም ብዙ ይሰማል።

አጠራር ላይ ጥንቃቄ አድርጉ። ሼኹን ሼኽ፣ ሐጂውን ሐጂ፣ ቄሱን አባ በሉ። በጅማ ብዙ አዛውንት «አባ» በሚል ስም ይጠራሉ፤ ሙሉ ስሙን ከአስተዋዋቂያችሁ ሰምታችሁ እንደዚያው ጥሩ። ኦሮምኛ ተናጋሪ ከሆኑ ወንዱን ኦቦ፣ ሴቷን አዴ። «አንተ» የሚለውን በሸበተ ሰው ላይ እንዳትሞክሩት።

ከተበላሸ፦ ሰብሳቢው የራሱን ወዳጆች ብቻ እየመረጠ ቢያቀርብላችሁ አትጋጩት። የሰጣችሁን ሁሉ አነጋግሩ፣ ለእያንዳንዳቸውም መጨረሻ ላይ «ከእርስዎ የተለየ ሐሳብ ያለው ማን ነው?» በሉ። ሦስተኛው ሰው ላይ ከክበቡ ትወጣላችሁ።

ደረጃ 5፦ አስተርጓሚ

አማርኛ ጅማ ከተማ ውስጥ ያስኬዳል። ግን ሰው ሲቆጣ፣ ሲያለቅስ፣ ሲመርቅ የሚናገርበት ቋንቋ ሌላ ሊሆን ይችላል፤ የምትፈልጉት ደግሞ እሱን ነው። ኦሮምኛ ካልቻላችሁ አስተርጓሚ ያዙ።

ከሰፈሩ ሰው አትያዙ፤ የሰፈሩን ምሥጢር በእሱ ፊት ማንም አያወራም። ፈጽሞ የማያውቅ ሰውም አትያዙ። ከሌላ ሰፈር የመጣ የጅማ ልጅ ይሻላል። ከመውጣታችሁ በፊት ቁጭ ብላችሁ ይህን ተስማሙ፦ ምንም አታሳጥር፣ ምንም አታሳምር፣ እኔን ወክለህ አትመልስ። አዛውንቱ አምስት ደቂቃ አውርተው አስተርጓሚው «እንግዲህ ድሮ ጥሩ ነበር ነው የሚሉት» ካላችሁ ልብ በሉ፣ ያጣችሁት ምዕራፍ ነው። ቅጂውን ማታ አብራችሁ ስሙና እየቆረጣችሁ አስተርጉሙት። ምሳሌያዊ ንግግር ሲመጣ በመጀመሪያ ቋንቋው በፊደል ጻፉት፣ ፍችውን ከሥሩ አስቀምጡ።

ደረጃ 6፦ ሳትጠይቁ ተቀመጡ

የመጀመሪያዎቹን ቀናት መቅጃ አታውጡ። ደብተርም ኪስ ውስጥ ይቆይ። ሥራችሁ መታየት ነው፤ ሰው እስኪለምዳችሁ።

ቡና ላይ ስትጠሩ ሂዱ፣ ስኳር ወይም ቡና ቁርስ ይዛችሁ። በአቦል ዝም በሉ። በቶና ስለ እናንተ ይጠየቃል፦ የማን ልጅ ነህ፣ ከየት ነሽ፣ አግብተሃል? በግልጽ መልሱ። መልስ የማይሰጥ ሰው መልስ አያገኝም። ቁም ነገሩ የሚመጣው በረካ ላይ ነው፤ እነሱ እርስ በርሳቸው ማውራት ሲጀምሩና እናንተን ሲረሷችሁ። ተማሪዎቻችን ቶናን ጠጥተው «አመሰግናለሁ፣ ሌላ ቀጠሮ አለኝ» እያሉ የሚነሱት ለምን እንደሆነ አይገባኝም።

ከሰዓት በኋላ በርጫ ላይም የሚሰማ አለ። መቃም የግድ አይደለም፣ ሻይ ይዞ መቀመጥ ይቻላል። ግን በመርቃና የተነገረን ነገር እንደወረደ አትመኑት። በማግስቱ ጠዋት ለዚያው ሰው አንሱለት፤ ጠዋትም ከደገመው ጻፉት።

ለቅሶ ላይ ደግሞ እንደ ሰው ሁኑ። ጡሩምባ ሲነፋ ከሰማችሁ ሂዱ፣ ባታለቅሱም ተቀመጡ፣ ሳህን አንሱ። የሙስሊም ቀብር በብዛት በዚያው ቀን ስለሚፈጸም ሰዓት የለም፤ ስልካችሁ ክፍት ይሁን። ፎቶ አታንሱ፣ ሌሎች በስልክ ቢያነሱም። በዓይናችሁ የምትይዙት እነዚህን ነው፦ ማን የት ተቀመጠ፣ ምግቡ ከየትኛው ቤት ወጣ፣ ጸሎት ሲጀመር ማን ተነሣ፣ ማን ውጭ ቀረ፣ የቀረውን ማን ወሰደው።

ደረጃ 7፦ ቃለ መጠይቁ

ይህ ደረጃ ላይ ረጋ በሉ።

ሀ. ፈቃድ። በፊርማ አትጀምሩ። ፊርማና የጣት አሻራ ብዙ ሰው ያስፈራል፤ መሬት የተወሰደበት፣ ዕዳ ውስጥ የገባበት ወረቀት ትዝ ይለዋል። የሥነ ምግባር ኮሚቴው ከፈቀደላችሁ በቃል ፈቃድ ውሰዱና በቅጂው መጀመሪያ ላይ ይሰማ። ለምሳሌ እንዲህ፦ «ስሜ እንትና ነው፣ ተማሪ ነኝ። እድሩ ለቅሶ ላይ ሥራ እንዴት እንደሚከፋፈል እያጠናሁ ነው። ከቀበሌም ከግብርም አልመጣሁም። ስምዎን አልጽፍም። ያልፈለጉትን አይመልሱ፣ በቃኝ ሲሉ እናቆማለን። ድምፅዎን ብቀዳ ይፈቅዳሉ?» እምቢ ካሉ ሳታኮርፉ በደብተር ቀጥሉ።

ለ. መቅጃው። ስልኩን ከኔትወርክ አውጡት፣ አለዚያ መሐል ላይ ይደወላል። የተጣጠፈ ጨርቅ ላይ አስቀምጡት፣ ከሙቀጫውና ከመንገዱ አርቁት፤ የባጃጅ ድምፅ ከሰው ድምፅ ይበረታል። የግማሽ ደቂቃ ሙከራ ቀድታችሁ ስሙ።

ሐ. የመጀመሪያው ጥያቄ። አንድ የታወቀ ጊዜ ምረጡና ከጫፍ እስከ ጫፍ አስተርኩ። «ባለፈው የነበረውን ለቅሶ ጡሩምባ ከተነፋበት ጀምረው ይንገሩኝ።» ከዚያ አፋችሁን ዝጉ።

መ. ተከታዩ ጥያቄ። አብዛኛውን ጊዜ የሚያስፈልጋችሁ «ከዚያስ?» እና «እሱን ማን ሠራው?» ብቻ ነው። «ለምን?» የሚለውን ለመጨረሻ አቆዩት፤ ገና ሳይጨርሱ «ለምን» ስትሏቸው ጥፋተኛ የተደረጉ ይመስላቸዋል፣ ወደ መከላከል ይገባሉ።

ጥያቄ እንዴት እንደሚቀየር ተመልከቱ፦

- «ሙስሊሞችና ክርስቲያኖች ግንኙነታችሁ እንዴት ነው?» አትበሉ። «ባለፈው ሠርግ ላይ በጉን ማን ማን አረደው? ሥጋው በየትኛው ድስት ተሠራ?» በሉ።
- «ማንነትዎን እንዴት ይገልጹታል?» አትበሉ። «ገበያ ላይ በምን ቋንቋ ያወራሉ? ቤት ከልጆች ጋርስ? ሲጸልዩስ?» በሉ።
- «በዚህ ነገር ያምናሉ?» አትበሉ። «ያኔ ልጁ ሲታመም ምን አደረጋችሁ?» በሉ።

ሠ. ዝምታ። ሲያቆሙ አትሙሉት። የጅማ ሰው ጨዋ ነው፣ እንግዳ ዝም ሲል ያዝንለትና ይጨምርለታል። ጭማሪው ብዙ ጊዜ ከዋናው ይበልጣል።

ከተበላሸ፦ ጎረቤት መጥቶ ቢቀመጥና መልሱ ወዲያው ቢቀየር ጥያቄ ቀይሩ። ስለ ዋጋ፣ ስለ ዝናብ አውሩ። «ይሂድ» አትበሉ። የነበራችሁበትን ጥያቄ ሌላ ቀን ትመለሱበታላችሁ፤ መልሱ የተቀየረው ማን ሲገባ እንደሆነ ግን ማታ ጻፉት፣ እሱ ራሱ መረጃ ነው። ሰው ቢያለቅስ መቅጃውን አጥፉ፣ ተቀመጡ፣ ጥያቄ አትቀጥሉ። «ያልኩትን አጥፋልኝ» ካሉ እዚያው ፊታቸው አጥፉ።

ደረጃ 8፦ ሰው የሚጎዱ ጥያቄዎች

ይህን ክፍል ሁለት ጊዜ አንብቡት። እዚህ የሚሳሳት ሰው ተመርቆ ይሄዳል፤ ጣጣው ለሰፈሩ ይቀራል።

የዘር ሐረግ። የትውልድ ቆጠራ ለአንትሮፖሎጂ ተማሪ ተራ ሥራ ነው። ጅማ ላይ ግን በ19ኛው ክፍለ ዘመን የሄርማታ ገበያ ሰውም የሚሸጥበት ገበያ ነበር። ባርነት በአዋጅ የተከለከለው በ1934 ዓ.ም. ነው። ማለትም የአንዳንድ ሰው አያት ወይም ቅድመ አያት ታሪክ ነው፣ ጎረቤቱ የሚያውቀው፣ ማንም በአፉ የማያነሣው። «አያትዎ ከየት መጡ?» የሚለውን በሰው ፊት በፍጹም አትጠይቁ። ብቻችሁን ስትሆኑም እነሱ እስኪያነሡት ጠብቁ። የትውልድ ሐረግ ሥዕል የሚያስፈልጋችሁ ከሆነ ከልጆቹ ወደ ላይ ውጡ፣ መልሱ ባጠረበት ቦታ አቁሙ። ጋብቻ ላይም ያው ነው፤ «ለማን ቤት ሴት ልጅ አይሰጥም?» ብሎ መጠየቅ ቁስል መንካት ነው።

ሸክላ ሠሪ፣ ቆዳ ፋቂ፣ ቀጥቃጭ። እጅ ሥራ ያላቸው ሰዎች በብዙ ቦታ ተገልለው ኖረዋል፣ «ቡዳ» ተብለውም ይጠቆማሉ። «በዚህ ሰፈር ቡዳ ማን ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ተመራማሪ ስም እንዲጠራ እያደረገ ነው። ስም ሳትጠይቁት ቢነግሯችሁ ደብተር ላይ አትጻፉት። ማንበብ የሚችል ሁሉ ደብተራችሁን ሊያይ ይችላል።

ቃልቻ፣ ዛር፣ ሐድራ (የሙስሊሞች የዱአና የመንዙማ ስብስብ)። ቀን «እኛ ይህን ትተናል» ያለ ሰው ማታ ሊሄድ ይችላል። አታጋልጡት፣ «ባለፈው አይቼዎት ነበር» አትበሉት። የበሽታ ታሪክ ጠይቁ፦ መጀመሪያ ጤና ጣቢያ፣ ቀጥሎ ጸበል ወይም ዱአ፣ ከዚያስ? ታሪኩ ራሱ ወደዚያ ይወስዳችኋል። ሥርዓት ላይ ከተጋበዛችሁ ጫማ የት እንደሚወልቅ፣ የት እንደሚቀመጥ፣ መቼ መውጣት እንደሚቻል ቀድማችሁ ጠይቁ። አትከራከሩ። የራሳችሁን እምነት ከተጠየቃችሁ በአንድ ዓረፍተ ነገር መልሱና ዝም በሉ።

ግጭት። በ1999 ዓ.ም. በዞኑ፣ በ2003 ዓ.ም. ደግሞ አሰንዳቦ አካባቢ በሃይማኖት ምክንያት ግጭት ነበር፣ ሰው ሞቷል፣ ቤተ ክርስቲያናት ተቃጥለዋል። «ተከባብረን ነው የምንኖረው» የሚለው መልስ አንዱ ምክንያቱ ይህ ነው፤ ቃሉ እንደ ቃል ኪዳንም ይሠራል። እናንተ ያን ለመፈልፈል አልሄዳችሁም። ራሳቸው ካነሡት ስሙ፣ «ማን ጀመረው?» ግን ከአፋችሁ አይውጣ።

ብሔር። ከላይ ከመጠይቁ ራስጌ «ብሔር፦ ____» የሚል ባዶ ቦታ አጥፉ። ያ መስመር የቀረውን ገጽ ሁሉ ያበላሻል። አንድ ሰው እናንተ ፊት «የጅማ ልጅ ነኝ»፣ መናኸሪያ ላይ ሌላ፣ ሠርግ ላይ ሌላ ሊል ይችላል። ሁሉንም ከነቦታው ጻፉ፤ የትኛው «እውነተኛው» እንደሆነ መፍረድ የእናንተ ሥራ አይደለም።

ደረጃ 9፦ ማታ ሳትተኙ

1. ቀን ላይ ቁልፍ ቃላት ብቻ ጻፉ፣ ኪስ ደብተር ላይ። ሽንት ቤት ደጅ ቆሞ መጻፍም ይቻላል።
2. ማታ ዘርዝሩት። ነገ አይሆንም። ነገ የምትጽፉት ያያችሁትን ሳይሆን ያሰባችሁትን ነው።
3. ገጹን ለሁለት ክፈሉ። በግራ ያያችሁትና የሰማችሁት፣ በቀኝ የመሰላችሁ። «አኩርፋ ነበር» የቀኝ ነው። «ሳህኑን አስቀምጣ ሳትናገር ወጣች» የግራ ነው።
4. ስም አትጻፉ፤ ኮድ ስጡ። የኮዱ ቁልፍ ሌላ ደብተር ላይ፣ ሌላ ቦታ ይቀመጥ።
5. ቅጂውን በዚያው ማታ ወደ ሌላ ዕቃ ገልብጡ። መብራት ከጠፋ ጠዋት ገልብጡ፤ ያለ ትርፍ ኮፒ ሁለተኛ ቀን አትውጡ።

የአንድ ሰዓት ቅጂ በጽሑፍ ለመገልበጥ ከአራት እስከ ስድስት ሰዓት ይወስዳል። ይህን ያላሰበ ሰው ሃያ ቅጂ ሰብስቦ ስድስቱን ብቻ ይጽፋል። በየሁለት ቃለ መጠይቁ ቆም በሉና ገልብጡ፤ የቀጣዩ ጥያቄ የሚወጣው ከዚያ ነው።

ደረጃ 10፦ አመሳክሩ

ሰው የሚላችሁ ነገር ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። «ድስቱ ይለያል» ሲሉ ሕግ ነው የነገሯችሁ። «ያን ቀን ድስቱን ለየን» ሲሉ ታሪክ ነው። እናንተ ቆማችሁ ያያችሁት ሦስተኛ ነው። ደብተራችሁ ላይ ሦስቱን በሦስት ቀለም አስምሩ።

ከዚያ ልዩነቱን ፈልጉ። ሕጉ «ይለያል» ይላል፣ የግምጃ ቤቱ ደብተር ላይ ግን ድስቱ ሁሉ አንድ ላይ ወጥቷል፣ ወጥ ቤት ስትሄዱ ደግሞ ሴቶቹ ክዳኑ ላይ ምልክት አድርገው እየለዩት ነው እንበል። ጥናታችሁ ይህ ነው። ማን ዋሸ ብላችሁ አትጨነቁ፤ ማንም አልዋሸም። ሰብሳቢው የሚያውቀው ሕጉን ነው፣ ምልክቱን የሚያውቁት ሴቶቹ ናቸው።

ለአንድ ነጥብ ቢያንስ አንድ አዛውንት፣ አንድ ወጣት፣ አንዲት ምግብ የምትሠራ ሴት፣ ከሁለቱም እምነት አነጋግሩ። ሦስት አራት ሰው በተከታታይ ምንም አዲስ ነገር ካልጨመረ በዚያ ነጥብ ላይ አቁሙና ወደ ሌላው ሂዱ።

ከተበላሸ፦ ሁሉም ሕጉን ብቻ እየነገሯችሁ ከሆነ «ይህ ሳይሆን የቀረበት ጊዜ ነበር?» ብላችሁ ጠይቁ። መጀመሪያ «የለም» ይላሉ። ጠብቁ።

ደረጃ 11፦ ስትጽፉ

በሕጉ አትጀምሩ፣ በልዩነቱ ጀምሩ። የአንድ ለቅሶ ውሎ ውሰዱና ከጡሩምባው እስከ ሳህን ርክክቡ ጻፉት፤ ሌላውን መረጃ በእሱ ዙሪያ አያይዙ። ጥቅስ ስታስገቡ የተናገረውን ሰው ዕድሜና ሥራ በግምት ግለጹ። «የጅማ ሕዝብ» የሚለውን ሐረግ ፈልጋችሁ በሙሉ ሰርዙ፣ በምትኩ «ያነጋገርኳቸው እድርተኞች» በሉ።

ስም መቀየር ብቻውን አይደብቅም። ሰፈሩን ጠርታችሁ «የእድሩ ሰብሳቢ» ካላችሁ ሰፈሩ ሁሉ ማን እንደሆነ ያውቃል። አንድም ሰፈሩን አትጥሩ፣ አንድም ንግግሩን ለ«አንድ አባል» ስጡት። እጅግ አደገኛ የሆነውን ሁለቱም አያድነውም፤ እሱን አውጡት፣ ምዕራፉ ቢያጥርም።

ረቂቁን ከማስረከባችሁ በፊት ወደ እድሩ ተመለሱ። ስለ እነሱ የተጻፈውን ገጽ በሚሰሙት ቋንቋ አንብቡላቸው። «እንዲህ አይደለም» ሲሉ እዚያው ጻፉ፤ እርማቱ ብዙ ጊዜ ከዋናው ቃለ መጠይቅ የበለጠ ይሰጣችኋል። አንድ ሰው «ይህ ይውጣ» ካለ ስለ ራሱ የተናገረውን ያለ ክርክር አውጡ። ሰብሳቢው የሌላ ሰው ንግግር ይውጣ ካለ ግን የተናገረው ሰው ይወስናል፤ እሱን ለብቻው ጠይቁት፣ ሰብሳቢው ማን እንደተናገረው ሊያውቅ የሚችልበት ምልክት ካለ ደግሞ ባለቤቱ «ይቆይ» ቢልም ቀይሩት።